የካንትሪ ሙዚቃ ላይቭ ልታዩ ስትሄዱ እነዚህን እንዳትሰሩ

ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶን ዊሊያምስን፣ ዶሊ ፓርተንን በካሴት እየሰማን ያደግን ሰዎች ብዙ ነን። ከዛ አሜሪካ እንገባለን፣ ስራው፣ ልጁ፣ ቢሉ ምናምን ይደራረብና ሙዚቃው የተወለደበት ሀገር እየኖርን አንድም ቀን ላይቭ ሳናይ ዓመታት ያልፋሉ። ሄደው ያዩትም ቢሆኑ ግማሾቹ ተናደው ነው ሚመለሱት። አንዱ "ኤጭ፣ ቤተክርስቲያን ይመስል ዝም ብለህ ተቀመጥ ይሉሃል" ይላል፣ ሌላው "ኧረ ጫጫታ ብቻ ነው፣ ዘፈኑ መች ይሰማል" ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ችግሩ የአንዱን ቤት ፀባይ ይዘው ሌላው ቤት መግባታቸው ነው። እኔ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ አሌክሳንድሪያ ያለው በርችሚር ሚባል የሙዚቃ ክለብ ደንበኛ ነኝ፣ እድሉን ሳገኝ ደግሞ የካንትሪ ዋና ከተማ ወደሆነችው ናሽቪል እሄዳለሁ፣ እና ሀበሻ ወዳጆቼን ይዤ ስሄድ ደጋግሜ ማያቸውን ነገሮች ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወሬ። ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው በቃ። ቁጭ ብሎ ማዳመጫ የሆኑ ቤቶች አሉ፣ እዛ ሰው ከፍሎ የሚገባው የዘፈኑን ግጥም ቃል በቃል ለመስማት ነው። ናሽቪል ብሉበርድ ካፌ ሚባል አለ፣ በ1982 የተከፈተ፣ ከውጪ ስታዩት ሱቆች የተደረደሩበት ተራ ህንፃ ውስጥ ያለ፣ 90 ሰው ገደማ ብቻ የሚይዝ ጠባብ ቤት። ብዙ ምሽት መድረክ እንኳን አይጠቀሙም፣ አራት ዘፈን ደራሲዎች መሀል ወለሉ ላይ ክብ ሰርተው ይቀመጡና ተራ በተራ የራሳቸውን ይጫወታሉ፣ ታዳሚው ጀርባቸው ስር ነው፣ እጃችሁን ብትዘረጉ ጊታሩን ትነካላችሁ። እዛ ካወራችሁ "ሽሽሽ" ትባላላችሁ፣ ቤቱ ራሱ በዚህ ነው የታወቀው። በርችሚርም ሰፋ ይላል እንጂ (ወደ 500 ሰው ይይዛል) ነገሩ ያው ነው፣ ጠረጴዛ ላይ እራታችሁን እየበላችሁ ታያላችሁ ግን ዘፈን ከተጀመረ ወሬ የለም። አንዴ አንድ ቦታ ከፊቴ የተቀመጡ ባልና ሚስት አንድ ሙሉ የሀዘን ዘፈን ስለ ቤት ብድር ወለድ ሲያወሩ ጨረሱት፣ ዘፋኙ ሲጨርስ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት እነሱ ናቸው፣ ምኑን ሰምተው እንደሆነ እኔጃ።

ሌላው "የኬኒን ዝፈንልን" ማለት። ብሉበርድ ዓይነት ቤት ይሄን መጠየቅ ነውር ነው ምክንያቱም ሰዎቹ የመጡት የጻፉትን ሊያሰሙ ነው። ደግሞ እዚህ ላይ ሚገርም ነገር አለ፣ ሁላችንም የኬኒ ነው ምንለው ዘ ጋምብለር፣ ኬኒ በ1978 ያወጣው ማለት ነው፣ የጻፈው ኬኒ አይደለም፣ ዶን ሽሊትዝ ነው። እና ይሄ ክብ ሰርቶ መቀመጥ ብሉበርድ ውስጥ በ1985 ሲጀመር ከነዛ አራት ሰዎች አንዱ ራሱ ሽሊትዝ ነበር። ስለዚህ መልኩን የማታውቁት ሰውዬ ጊታር ይዞ ሲቀመጥ "ይሄ ደግሞ ማነው" ብላችሁ ስልካችሁን እንዳታወጡ፣ ልጅ ሆናችሁ በካሴት የሰማችሁትን የጻፈው እሱ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ወደ ተቃራኒው። ናሽቪል ሎወር ብሮድዌይ ሚባለው መንገድ ላይ ያሉት ሆንኪ ቶንክ ሚባሉት የሙዚቃ ባሮች ሌላ ዓለም ናቸው፣ እዛ አውሩ፣ ጠጡ፣ ጩኹ፣ ዘፈንም ጠይቁ። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ፣ መግቢያ ስለማይከፈል ሙዚቃው ነፃ ነው ብሎ ማሰብ። አብዛኛው ባንድ አራት ሰዓት ያህል ሳይወርድ ይጫወታል፣ ከዛ ሌላ ባንድ ይተካዋል፣ ከጠዋት ጀምሮ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ እንዲህ ነው ሚቀጥለው፣ እና የሙዚቀኞቹ ገቢ በብዛት ቲፕ ነው። ባልዲው ወይ ማሰሮው እየዞረ እናንተ ጋ ሲደርስ ጣሪያ ጣሪያ ማየት አያምርም። እኛ አዝማሪ ቤት ሸልመን ያደግን ሰዎች ይሄ ሊከብደን አይገባም ነበር፣ ልዩነቱ ግንባር ላይ መለጠፍ የለም፣ ባልዲው ውስጥ ነው፣ ዘፋኙም ስማችሁን እያነሳ አያሞግሳችሁም። ዘፈን ከጠየቃችሁ ደግሞ 20 ዶላር የተለመደ ነው፣ አምስት ዶላር ይዞ ሶስት ዘፈን ማዘዝ ያስቀይማል። ካሽ ያዙ።

እዛው ሰፈር ቅዳሜ ማታ ብቻ መሄድም ስህተት ነው። ከሰርግ በፊት ሊዝናኑ የመጡ የሙሽራ ሚዜዎች ሮዝ ኮፍያ አድርገው መንገዱን ሞልተውታል፣ የታዋቂ ዘፋኞች ስም የተለጠፈባቸው ባለ ሶስት አራት ፎቅ ባሮች ሮክና ፖፕ ነው ሚበዛባቸው፣ ከዛ "ካንትሪ የለም እኮ" ብላችሁ ትመለሳላችሁ። በስራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሮበርትስ ዌስተርን ወርልድ ግቡ። ድሮ የቡት ጫማ መሸጫ የነበረ ቤት ነው፣ ግድግዳው ላይ አሁንም ቡት ተደርድሯል፣ የሚጫወቱት የድሮውን ካንትሪ ነው፣ ስቲል ጊታሩ ሲያለቅስ ምን ልበላችሁ። ባለቤቱ ጄሲ ሊ ጆንስ ደግሞ ብራዚል የተወለደ ስደተኛ ነው፣ ቤቱን በ1999 ገዛው፣ ብራዚልቢሊ በሚል ባንድ ራሱም ይዘፍናል። ይሄን ሰውዬ አይቶ "ካንትሪ የነሱ ነው፣ እኛን አይመለከትም" ሚል ሀበሻ ካለ ያስረዳኝ። በነገራችን ላይ ቤቱ የሚታወቅበት የተጠበሰ የቦሎኛ ሳንድዊች አለ፣ ሁሉም ብሉ ብሉ ይላችኋል፣ ቦሎኛ ግን የአሳማ ስጋ ሊኖርበት ስለሚችል ለማይበላው ሰው ጠይቆ ማዘዝ ነው፣ ረቡዕና አርብ ከሆነም ያው ታውቁታላችሁ።

"የነጭ ሙዚቃ ነው" ሚለውም ከመጣ አይቀር፣ ባንጆ ሚባለው ባለ ክር መሳሪያ የመጣው በባርነት ከተወሰዱ አፍሪካውያን ነው፣ ቅድመ አያት የሆኑት መሳሪያዎች ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ዛሬም አሉ። ግራንድ ኦል ኦፕሪ ሚባለው የናሽቪል ትልቁ የካንትሪ ፕሮግራም በሬዲዮ ሲጀምር ከቀደምት ኮከቦቹ አንዱ ሃርሞኒካ ተጫዋቹ ዲፎርድ ቤይሊ ጥቁር ነበር። ጥቁሩን የካንትሪ ኮከብ ቻርሊ ፕራይድን መቼም ታውቁታላችሁ። ወደ ክለብ ስትገቡ ብቸኛ ጥቁር እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ አልዋሽም፣ እኔ ላይ ብዙ ጊዜ ይደርሳል፣ ግን አጠገቤ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች መጀመሪያ ሚጠይቁኝ "ማንን ነው ምትሰማው" ብለው ነው፣ ከዛ ወሬው ይደራል (በእረፍት ሰዓት!)።

ብሉግራስ ላይ (ባንጆና ፊድል የሚበዛበት ፈጣን የካንትሪ ዘመድ ነው) ደግሞ የጭብጨባ ጉዳይ አለ። ናሽቪል ስቴሽን ኢን ሚባለው፣ ከ1974 ጀምሮ ያለ፣ ዝቅ ያለ የድንጋይ ቤት፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ነው። ብሉግራስ ባንድ ብዙ ጊዜ ከበሮ የለውም፣ አንዳንዶቹ እንደ ድሮው አንድ ማይክ ብቻ መሀል ያቆማሉ። እና ዓይናችሁን ከዛ ማይክ እንዳትነቅሉ። ዘፋኙ ስንኙን ሲጨርስ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ባንጆው በጎን ሰርጎ ይገባል፣ ፊድል (ቫዮሊን ማለት ነው) ተጫዋቿ የጎረቤቷን ኮፍያ ላለመንካት ቀስቷን ቀና አድርጋ ትጠብቃለች፣ ባንጆው ሊጨርስ ሁለት ኖታ ሲቀረው ገብታለች፣ ቤዙ ብቻ ከኋላ አይነቃነቅም፣ ማንም ከማንም ጋር አይጋጭም። ድምፅ ማስተካከያው ያው እግራቸው ነው፣ መቅረብና መራቅ። ታዲያ ሀበሻው ምን ያደርጋል፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጨዋ ሆኖ ይጠብቃል፣ ወይ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ በምቱ ያጨበጭባል። ሁለቱም አይሆንም። በምት ማጨብጨብ ያንን ፈጣን ነገር ያበላሸዋል፣ ከበሮ ስለሌለ ምቱን የሚጠብቁት ራሳቸው ናቸው። አንዱ ተጫዋች ሶሎውን ሲጨርስ ነው አጠር ያለ ጭብጨባ፣ "ዉ!" ማለትም ይቻላል፣ ከዛ ወዲያው ዝም፣ ቀጣዩ ጀምሯል። እሁድ ማታ ነፃ የጃም ፕሮግራም (ሙዚቀኞች ተሰብስበው አብረው የሚጫወቱበት) አላቸው፣ ለመልመጃ እሱን ሂዱ።

ቴክሳስ ከሄዳችሁ የዳንስ ወለል ላይ አትቁሙ። ኦስቲን ያለው ብሮክን ስፖክ ከ1964 ጀምሮ ሰው ቱ ስቴፕ ሚባለውን የጥንድ ዳንስ የሚደንስበት አዳራሽ ነው፣ ጥንዶቹ ሁሉ የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ፣ ፈጣኖቹ በውጪ በኩል። ቢራ ይዛችሁ መሀል ቆማችሁ ቪዲዮ ስትቀርፁ ቡት ያደረገ ሽማግሌ ከነሚስቱ ቢገጫችሁ ጥፋቱ የናንተ ነው።

የሀበሻ ቀጠሮ አይሰራም፣ ይሄን ባልደግመው ደስ ይለኝ ነበር። በርችሚር የመቀመጫ ቁጥር በሌለው ሾው ቀድሞ የመጣ የተራ ቁጥር ይዞ በቁጥሩ ይገባል፣ ዘግይታችሁ ስትደርሱ ምሰሶ አጠገብ ናችሁ። ፀጉራችሁ ሸብቶም ቢሆን መታወቂያ ያዙ፣ ብዙ ባር ማታ ከ21 ዓመት በታች አያስገባም፣ በሩ ላይ ያለው ልጅ ሽበት አይቶ አያልፋችሁም።

ስልክ ላይ ብዙ አልልም፣ አንድ ዘፈን ቅዱና አስቀምጡት።

የመጨረሻው፣ ዘፈኑ እንዳለቀ ፓርኪንግ እንዳይጨናነቅ ብሎ መሮጥ። ትንንሽ ክለብ ላይ የሚጫወቱት አብዛኞቹ ሲጨርሱ በሩ አካባቢ ጠረጴዛ ጋ ራሳቸው ይቆማሉ፣ ሲዲና ቲሸርት ይሸጣሉ፣ ይፈርማሉ፣ ያወራሉ። በስትሪሚንግ አንድ ዘፈን አንዴ ስትሰሙ የሚደርሳቸው ሳንቲም እንኳን አይሞላም፣ ለቀጣዩ ከተማ ቤንዚን ሚሆናቸው ይሄ ጠረጴዛ ነው። ከኢትዮጵያ ነኝ ስትሏቸው ደግሞ ማመን ያቅታቸዋል፣ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ዶን ዊሊያምስ ይከፈት እንደነበር ንገሯቸው፣ ፊታቸውን እዩት። ሲዲ ማጫወቻ የለኝም ካላችሁ ቲሸርቱን ግዙ፣ ሳይዙ ግን ሰፊ ነው፣ ከምትለብሱት በአንድ ቁጥር ዝቅ አድርጉ።