በታዋቂ ሰው ስም የአድናቂ ድረ ገጽ እንዴት እንደሚከፈት

አበበ ቢቂላ የተወለደው እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ነው። ይሁንና «ቢቂላ» የሚለውን ስም ለጫማ መጠሪያ ያደረገ የውጭ ኩባንያን ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ቢከስም፣ ዘግይታችኋል ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ። ይህ እኔን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከመንዲዳ በሚያደንቁት ሰው ስም ድረ ገጽ ለመክፈት ያሰቡ ሁሉ፣ ስሙ የሰው መሆኑን ከልብ ይያዙ።

መጀመሪያ አድራሻውን ይምረጡ። ስሙን ብቻውን አይውሰዱ፤ ጎብኚው የባለቤቱ ገጽ ይመስለዋል። «አድናቂዎች» የሚል ቃል ይጨምሩበት፤ በፊተኛው ገጽ ላይም ከባለስሙ ጋር ግንኙነት እንደሌለዎት በግልጽ ይጻፉ።

ቀጥሎ ስሙ በንግድ ምልክትነት መመዝገቡን ከኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያጣሩ። አልተመዘገበም ብለው ግን አይዝናኑ። ተዋናይት ጁሊያ ሮበርትስ ስሟን ሳታስመዘግብ እ.ኤ.አ. በ2000 በስሟ የተያዘውን አድራሻ አስመልሳለች።

እንደ ዶት ኮም ባሉ አድራሻዎች ላይ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ከሳሹ ሦስት ነገሮችን እንዲያስረዳ ይጠይቃል፤ አድራሻው ከምልክቱ ጋር አንድ ወይም አሳሳች መሆኑን፣ ያስመዘገበው ሰው በስሙ ላይ መብት ወይም ተገቢ ጥቅም እንደሌለው፣ በክፉ ልቦናም አስመዝግቦ እንደተጠቀመበት። አንዱ ከጎደለ ከሳሹ ይሸነፋል። ክፉ ልቦናን በቀላሉ የሚያጋልጠው ገንዘብ ነው፤ በጁሊያ ሮበርትስ ጉዳይም አድራሻው ለጨረታ ቀርቦ ነበር። አድናቂ ከሆኑ ለባለስሙ «ግዛኝ» ብለው አይጻፉ፤ ማስታወቂያም አይለጥፉ።

ፎቶግራፍ ሌላ ጉዳይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማሳየትን ይከለክላል፤ ዝና ላለው ሰው ግን ልዩ ሁኔታ አለ። የፎቶ አንሺው የቅጂ መብት ግን በዝናው አይቀርም፤ አንሺውን ያስፈቅዱ።

በአድራሻው ላይ በዚያ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ክስ ቢመጣ ሂደቱ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ መልስ ለመስጠት 20 ቀን አለዎት። ዝም አይበሉ፤ ዳኞቹ የሚያዩት የከሳሹን ወረቀት ብቻ ይሆናል። ቢሸነፉ እንኳ ቅጣቱ አድራሻውን ማጣት ነው እንጂ ካሣ አይደለም፤ ውሳኔው ከመፈጸሙ በፊትም ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ 10 የሥራ ቀን ይኖርዎታል። ማሳወቂያው የሚመጣው ሲመዘገቡ በሰጡት ኢሜይል ስለሆነ፣ ያንን ሳጥን በየሳምንቱ ይክፈቱ።