3018ን ማጎልበት፦ ስፒንድሉ በመጨረሻ ይምጣ

3018 የሚባለው አነስተኛ ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን) ስሙን ያገኘው ከሥራ ስፋቱ ነው፤ 300 በ180 ሚሊ ሜትር። ከፍታው 45 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ክብ ቁረጥ ሲሉት እንቁላል ሲያወጣ ወይም ጣውላ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ብዙ ሰው የሚሮጠው ጉልበተኛ ስፒንድል (ቢቱን፣ ማለትም መቁረጫውን፣ የሚያሽከረክር ሞተር) ለመግዛት ነው። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ መላላት ነው። ልል ማሽን ላይ ከባድ ስፒንድል ሲጫን ደግሞ ይብስበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ልሉን ፈልጉ። የስፒንድሉን ገመድ ንቀሉ፣ ጂአርቢኤል (የማሽኑን መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሚያሠራው ሶፍትዌር) ላይ $1 የተባለውን ቅንብር 255 አድርጉና ሦስቱንም አቅጣጫ ትንሽ አንቀሳቅሱ፤ ሞተሮቹ ተቆልፈው ይቆያሉ። አንድ እጃችሁ ስፒንድሉን ወዲያ ወዲህ ይግፋ፣ የሌላው እጅ ጣት መገጣጠሚያዎቹን ይዳብስ። የሚላወሰው ቦታ ጣት ላይ ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሞተሩን ከሊድ ስክሩ (እየተሽከረከረ ማሽኑን ከሚገፋው ጥርሳም ዘንግ) ጋር የሚያያይዘው ካፕሊንግ ነው። ከዘንጉ እስከ ካፕሊንጉ የሚያልፍ ቀጭን መስመር በማርከር አስምሩና 10 ደቂቃ አሠሩት። መስመሩ ለሁለት ከተከፈለ ዘንጉ እየተንሸራተተ ነው። ዘንጉ ጠፍጣፋ ጎን ካለው ትንሿ ብሎን እዚያ ላይ እንድታርፍ አድርጋችሁ አጥብቁ።

ፍሬሙን ደግሞ ብሎኖቹን አላልታችሁ ጠፍጣፋ የእብነ በረድ ወይም የወፍራም መስታወት ቁራጭ ላይ አስቀምጡት፤ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱን ሰያፎች ለኩ፤ ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን አጥብቁ። የጎን ቋሚዎቹ ፕላስቲክ ወይም ባኬላይት ከሆኑ፣ በ10 ሚሊ ሜትር አልሙኒየም ፍሬዛ ቤት አስቆርጦ መለወጥ ከየትኛውም ማሻሻያ የበለጠ ዋጋ አለው።

ክቡ አራት ቦታ ላይ ጠፍጠፍ ካለ፣ የነሐስ ዳዶው ሊድ ስክሩ ላይ ክፍተት አለው ማለት ነው። ዲያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) አስጠግታችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ 1 ሚሊ ሜትር አስኪዱ፣ ዜሮ አድርጉ፣ ሌላ 1 ሚሊ ሜትር ጨምሩ፣ ከዚያ 1 ሚሊ ሜትር መልሱ። ወደ ዜሮ ለመድረስ የጎደለው ነው ክፍተቱ። ከ0.1 በላይ ከሆነ ስፕሪንግ ያለው ድርብ ዳዶ ግጠሙ። ስፕሪንጉ ከልክ በላይ ከታመቀ ግን ሞተሩ እርምጃ መዝለል ይጀምራል።

100 ሚሊ ሜትር አዝዛችሁ 99.2 ቢሄድ $100ን (ለ1 ሚሊ ሜትር የሚያስፈልገውን የሞተር እርምጃ ቁጥር) ለመነካካት አትቸኩሉ። በአንድ ዙር 4 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ቲ8 ሊድ ስክሩ፣ 200 እርምጃ ያለው ሞተርና 16 ማይክሮስቴፕ (የአንዱ እርምጃ ክፍልፋዮች) ካላችሁ ስሌቱ 200 × 16 ÷ 4 = 800 ነው። ስክሩ በአንድ ዙር 8 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 400 ይሆናል። የጎደለው 0.8 ሚሊ ሜትር የክፍተት፣ የካፕሊንግ ወይም የተዘለለ እርምጃ ውጤት ነው፤ ቁጥሩን ማስተካከል በሽታውን መሸፈን ነው።

የሥራ ጠረጴዛው ላይ 12 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) እሰሩ፤ የብሎኖቹ ራስ ጠልቆ ይግባ። ከዚያ በሰፊ ቢት 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ እየላጣችሁ አስተካክሉት። ከላጣችሁ በኋላ በጥፍራችሁ ጫሩት። ቢቱ በኤክስ (በግራ ቀኝ) አቅጣጫ ሲመላለስ በመስመሮቹ መካከል ደረጃ ከተሰማ ስፒንድሉ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አዘንብሏል፤ በዋይ (በፊትና ኋላ) ሲመላለስ ከተሰማ ወደ ጎን። የፊትና የኋላው ከስፒንድል ማቀፊያው ጀርባ ቁራጭ ወረቀት በመሸጎጥ ይስተካከላል።

በዚህ ማሽን ዋንዛን ለመሰለ ጣውላ ባለ አንድ ስለት 3.175 ሚሊ ሜትር ቢት፣ 0.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀትና በደቂቃ 500 ሚሊ ሜትር ፍጥነት ጥሩ መነሻ ነው። ስፒንድሉ በደቂቃ 10,000 ዙር ሲዞር በእያንዳንዱ ዙር 0.05 ሚሊ ሜትር ይነሳል። ፍቅፋቂ ፈንታ ዱቄትና የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ፍጥነቱን ጨምሩ፤ ካልተሻለው ቢቱ ደንዟል። የኤምዲኤፍ ብናኝ ግን ሁልጊዜም ዱቄት ነው፤ ማስክ አድርጉ።

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ላላችሁ ሊሚት ስዊች (ማሽኑ ዳር ሲደርስ የሚነካው ማብሪያ ማጥፊያ) ቅንጦት አይደለም። የቁራጩን ዜሮ (ቆረጣው የሚለካበትን ነጥብ) በጂ54 ትእዛዝ ካስቀመጣችሁት ሰሌዳው ማህደር ውስጥ ይቆያል፤ ማሽኑ ስዊቾቹን ነክቶ ወደ መነሻው ሲመለስ ዜሮው ይገኛል። ስዊቾቹን ሳይነኩ የተዘጉ በሚሆኑበት በኩል አገናኙና $5ን፣ $21ንና $22ን 1 አድርጉ፤ ገመድ ቢበጠስ ወዲያው ይታወቃል። ሽቦውን ከስፒንድሉ ሽቦ አርቁት፤ አለበለዚያ ማሽኑ መሀል መንገድ ላይ በሐሰት ማንቂያ ይቆማል።

አንድ ወጥመድ አለ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ሰሌዳውም ኃይል ከዩኤስቢ ያገኛል። ሞተሮቹ ሞተው ሳለ ፕሮግራሙ መስመር እየላከ፣ ሰሌዳውም ‘ሄጃለሁ’ እያለ ይቆጥራል። መብራቱ ሲመለስ ስፒንድሉ ድንገት ይነሳና ቢቱ ከቆመበት ተነስቶ ሥራውን አቋርጦ ይሄዳል። መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ ፕሮግራሙን አቁሙ። የቆመበትን መስመር ከስክሪኑ ሳይሆን ከጣውላው ላይ በዓይናችሁ ፈልጉ። መብራቱ ሲመለስ ዜድን (ከፍ ዝቅ የሚለውን ክፍል) አንስታችሁ ወደ መነሻ ላኩት፣ ከቆመበት ጥቂት መስመሮች ወደ ኋላ ብላችሁ፣ የስፒንድልና የፍጥነት ትእዛዙን ደግማችሁ ቀጥሉ።

ይህ ሁሉ ካለቀ ስፒንድሉ ይለወጥ። ባለ 500 ዋቱ ስፒንድል 52 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው አዲስ ማቀፊያና የራሱ ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል። ክብደቱ የሚያርፈው ዜድ ላይ ነው። $112ንና $122ን (የዜድን ከፍተኛ ፍጥነትና የፍጥነት አጨማመር) በግማሽ ቀንሱ፤ ከዚያ ዜድን 30 ሚሊ ሜትር 20 ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጉና ዲያል ጌጁ ወደ ዜሮ መመለሱን እዩ። ካልተመለሰ የሞተሩ አሽከርካሪ (ለሞተሩ ኃይል የሚያድለው ቺፕ) የሚሰጠውን የአምፔር መጠን ፈትሹ፦ ኤ4988 ላይ ተከላካዩ አር100 የሚል ከሆነ ማስተካከያው ላይ የሚለካው 0.8 ቮልት 1 አምፔር ነው፣ አር050 ከሆነ ግን 0.4 ቮልት ይበቃል። ኃይል እያለ የሞተር ሶኬት አትንቀሉ፤ አሽከርካሪው ይቃጠላል።