ትንሽ የባትሪ ሞተር ፍጥነቱን እንዴት እንቆጣጠር?

የእህቴ ልጅ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ትንሽ ቬንትሌተር ሠርቶ ይዞልኝ መጣ። ሞተሩ ከተሰበረ መጫወቻ መኪና የወጣ ነው፣ ክንፉ ከሃይላንድ ፕላስቲክ የተቆረጠ፣ ኃይሉ ደግሞ ከአራት ባትሪ ድንጋይ። በቀጥታ ሲያገናኘው ጠረጴዛው ላይ እየዘለለ ሊሄድ ይደርሳል። ፍጥነቱን ልቀንስ ብሎ መሃል ላይ ሬዚስተር (ከረንት የምትገድብ ትንሽ ዕቃ) ሲያስገባበት ደግሞ በጣት ካልተገፋ አልነሳም አለ። ሬዚስተሩን ነካ ሳደርገው ጣቴን ፈጀኝ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፣ ስለዚህ ከዚሁ እንጀምር።

እንዲህ ያለ ሞተር ምን ያህል ከረንት እንደሚስብ የሚወስነው ጫናው ነው። ባዶውን ሲዞር ትንሽ ይስባል፣ ክንፍ ወይም ጎማ ሲጫንበት ብዙ ይስባል፣ ሲነሳ ደግሞ ከሁሉም በላይ። አሁን 10 ኦም ሬዚስተር አስገባችሁ እንበል። ሞተሩ 0.15 አምፒር ሲስብ ሬዚስተሩ ላይ የሚቀረው 1.5 ቮልት ነው፣ ምንም አይልም። ጫና መጥቶ 0.4 አምፒር ሲስብ ግን 4 ቮልት ይበላበታል። አራቱ ድንጋይ ከሚሰጡት 6 ቮልት ለሞተሩ የሚተርፈው 2 ብቻ ነው። ማለትም ሞተሩ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ነው ጉልበቱን የምንነጥቀው። የተበላው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ እዚህ ላይ 1.6 ዋት ነው፣ ያቺ የተለመደችው ሩብ ዋት ሬዚስተር ደግሞ አትችለውም።

ቸኩላችሁ ከሆነና አንድ ቋሚ ፍጥነት ከበቃችሁ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ይሻላል። 1ኤን4007 የሚባለው የትም አለ። አንዱ በግምት 0.7 ቮልት ይቀንሳል፣ ሁለት ስታከታትሉ 1.4 ገደማ። ጫናው ቢለዋወጥም ቅናሹ ብዙ ስለማይቀያየር ሞተሩ እንደ ሬዚስተሩ አይሞትም። ግን ይሄም ባትሪ ያባክናል፣ ፍጥነቱንም እንደልብ ከፍ ዝቅ ማድረግ አይቻልም።

ትክክለኛው መንገድ ኃይሉን ማነቅ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ማብራትና ማጥፋት ነው። ልጅ ሆናችሁ ብስክሌት ገልብጣችሁ ጎማዋን በእጃችሁ መታ መታ እያደረጋችሁ አዙራችሁ ታውቃላችሁ አይደል? በምትና በምት መካከል ጎማዋ አትቆምም፣ በራሷ ትዞራለች። ሞተርም እንደዚያው ነው። በሰከንድ 1 ሺህ ጊዜ ሙሉ ኃይል እየሰጣችሁ ብትቆርጡበት መቆራረጡ አይታወቀውም፣ የሚሰማው አማካዩ ነው። ግማሹን ጊዜ ከበራ የ6 ቮልቱ ባትሪ እንደ 3 ቮልት ይሆንለታል። ይሄ ዘዴ ፒደብሊውኤም ይባላል። ጥሩነቱ በዝግታም ሲዞር እያንዳንዱ ምት በሙሉ ኃይል መሆኑ ነው፣ ለዚህ ነው በሬዚስተር ከታነቀው ሞተር ይልቅ ቀስ ብሎ መነሳትና መዞር የሚችለው።

ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ 555 አይሲ (ማብራት ማጥፋቱን የሚመራው ቺፕ)፣ አንድ 100 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያዋ ዓይነት)፣ ሁለት 1ኤን4148 ዳዮድ፣ አንድ 1ኤን5819 ዳዮድ፣ የ1 ኪሎ፣ የ10 ኪሎና የ220 ኦም ሬዚስተር፣ ሁለት 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ አንድ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና አይአርኤልዜድ44ኤን የሚባለው ሞስፌት (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋልን የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ) ነው። የተጣለ ዕቃ መፍታት የምትወዱ ከሆነ ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራ አንድ ዙር ብትዞሩ አይቆጫችሁም።

የ555 እግር አቆጣጠር እንዲህ ነው፦ ጎድጎድ ያለችው ምልክት ወደ ላይ ትሁን፣ ከግራ ከላይ 1 ብላችሁ ወደ ታች እስከ 4፣ ከዚያ በቀኝ ከታች ወደ ላይ ከ5 እስከ 8። 1ን ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ 4ንና 8ን ከፖዘቲቭ። 2ንና 6ን አንድ ላይ እሰሩና በ10 ናኖፋራዱ ወደ ኔጋቲቭ። ሁለተኛዋን 10 ናኖ ከ5 ወደ ኔጋቲቭ። 7ን በ1 ኪሎው ከፖዘቲቭ ጋር አገናኙ፣ ከዚያው ከ7 የፖቴንሽዮሜትሩን የመሃል እግር። የፖቴንሽዮሜትሩ ሁለት ዳር እግሮች እያንዳንዳቸው በአንድ 1ኤን4148 አድርገው ወደ 2ና 6 ይሄዳሉ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ የአንዱ ዳዮድ ቀለበት (አንድ ጫፉ ላይ ያለው መስመር) ወደ 2ና 6፣ የሌላው ወደ ፖቴንሽዮሜትሩ ነው መዞር ያለበት። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆኑ አይሠራም።

ሞስፌቱን ጽሑፉ ወደ እናንተ ሲያይ ሦስቱ እግሮቹ ከግራ ጌት፣ ድሬይን፣ ሶርስ ናቸው። ከ555 እግር 3 በ220 ኦም ወደ ጌት፣ ከጌት በ10 ኪሎ ወደ ኔጋቲቭ፣ ሶርስ በቀጥታ ወደ ኔጋቲቭ። ሞተሩ በፖዘቲቭና በድሬይን መካከል ይገባል። 100 ማይክሮፋራዱን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ እግሩን ለይታችሁ ከባትሪው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጋር አገናኙት።

አሁን ያቺ 1ኤን5819። ዕድሜ መጨመሪያ ብቻ እንዳትመስላችሁ፣ ያለሷ እንዳታበሩት። ሞተር ውስጥ ጥቅል ሽቦ አለ፣ ጥቅል ሽቦ ደግሞ ከረንቱ በድንገት ሲቋረጥበት አልቆምም ብሎ ከፍተኛ ቮልቴጅ መልሶ ይተፋል። በሰከንድ 1 ሺህ ጊዜ ስትቆርጡት 1 ሺህ ጊዜ ይተፋል፣ ሞስፌቱም አንድ ቀን ይቃጠላል። ዳዮዷን በሞተሩ ሁለት እግሮች መካከል፣ ቀለበቷን ወደ ፖዘቲቩ አድርጋችሁ አስገቧት። ብትገለብጧት ሞስፌቱ ሲበራ ባትሪውን ሾርት ታደርገዋለች፣ ስለዚህ ከማብራታችሁ በፊት ሁለቴ እዩ። ሞተሩ ሁለት እግር ላይ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ብትጨምሩ ደግሞ በአጠገቡ ያለ ሬዲዮ አይንጫጫም።

ሞስፌቱን በሌላ እንተካው ካላችሁ ስሙን በደንብ አንብቡ። አይአርኤፍዜድ44ኤን መልኩ አንድ ነው፣ ግን በ5 ቮልት ጌት ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፣ ይሞቃል። ቲፕ122 የሚባለው ትራንዚስተርም ይሠራል፣ ችግሩ እሱ ራሱ ላይ 1 ቮልት ገደማ ስለሚቀር በትንሽ ባትሪ ያሳዝናል። በሁለትና በሦስት ድንጋይ የምትሠሩ ከሆነ ተራው 555 ከ4.5 ቮልት በታች አይሆንም፣ ቲኤልሲ555 ፈልጉ።

አርዱይኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ) ያላችሁ 555ቱ አያስፈልጋችሁም። ከእግር 9 በ220 ኦም ወደ ጌት፣ ከዚያ ከ0 እስከ 255 ቁጥር መስጠት ብቻ። የአርዱይኖውና የሞተሩ ባትሪ ኔጋቲቭ ግን መገናኘት አለበት፣ ይሄ ከተረሳ ምንም አይንቀሳቀስም። ሞተሩን በቀጥታ ከአርዱይኖ እግር ጋር እንዳታያይዙት፣ እግሩ የሚችለው 20 ሚሊአምፒር ያህል ነው።

ሞተሩ ጥዝ ካለባችሁ አትደንግጡ፣ የምቱ ድምፅ ነው። ከ2ና 6 ጋር ያለችውን 10 ናኖ በ1 ናኖ ብትቀይሯት ድምፁ ይቀጥናል። በዝቅተኛ ፍጥነት አልነሳ ካለ መጀመሪያ ሙሉ ሰጥታችሁ አስነሱትና ከዚያ ቀንሱት። በጣም ቀስ ብሎ ከባድ ነገር እንዲጎትት ከፈለጋችሁ ግን በኤሌክትሪክ አትታገሉ፣ ጥርስ ያለው ሞተር ግዙ። ያቺ ቢጫዋ፣ ፍጥነቱን 1 ለ 48 የምትቀንሰው፣ ለትንሽ ሮቦት መኪና ትበቃለች።

ባለ 9 ቮልቷን አራት ማዕዘን ባትሪ ለሞተር አትጠቀሙ። ቮልቷ ትልቅ ይመስላል፣ ከረንት ስትጠየቅ ግን ወዲያው ትደክማለች። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የሚወጡት ሴሎች ጉልበታም ናቸው፣ ግን ሾርት ከሆኑ እሳት ያስነሳሉ፣ መከላከያ ሰርኪት ከሌላቸው አትንኳቸው።

ሁሉን በትክክል ሠርታችሁ ፍጥነቱ አልቀየር ካለ ሞተሩ ከየት እንደወጣ ጠይቁ። የካሴት ቴፕ ሞተር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ውስጡ የራሱ ፍጥነት መቆጣጠሪያ አለው፣ ዘፈኑ እንዳይጎተት ተብሎ የተገጠመ ነው። እናንተ ብትቀንሱ እሱ ይታገላችኋል። የመጫወቻ ሞተር አምጡ።