ወፍጮው እየነዘረ ብሬከሩ የማይወርደው ለምንድን ነው? የኧርዝና የመከላከያ ሪሌይ ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

በጎጃም ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች ወፍጮ ቤቶችን፣ እንጀራ ቤቶችንና የእንጨት ሥራ ቤቶችን ስመረምር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ «ኧርዝ ተቀብሯል፣ ብሬከርም ተገጥሟል፣ ስለዚህ ደኅና ነን» የሚለው እምነት ነው። ኧርዝ፣ ማለትም ከማሽኑ የብረት አካል ጋር በሽቦ ተገናኝቶ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ዘንግ፣ ከመስመሩ ላፈተለከው ኮረንቲ መመለሻ መንገድ ይሰጣል፤ ሪሌዩ ወይም ብሬከሩ ደግሞ ያንን ኮረንቲ አይቶ መስመሩን ይቆርጣል። መንገዱ ጠቦ ኮረንቲው ካነሰ፣ ቆራጩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ብልሽቱን አያየውም። ከዚህ በታች የተጠቀሰውን ማንኛውንም ምርመራ የሚያደርግ ሰው በቅድሚያ ዋናውን ማጥፊያ ዘግቶ ኮረንቲ አለመኖሩን በመለኪያ ማረጋገጥ አለበት፤ ከቆጣሪ በላይ ያለው ግን የኃይል አቅራቢው ባለሙያ ሥራ ብቻ ነው።

ምልክት፦ የማሽኑ አካል ይነዝራል፣ ብሬከሩ ግን አይወርድም

በቢቸና አካባቢ ባየሁት አንድ ወፍጮ ቤት እህል ሊያስፈጩ የመጡ እናቶች በባዶ እግራቸው ቆመው የዱቄቱን መውረጃ ቆርቆሮ ሲነኩ ይነዝራቸው ነበር። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ጫማ ስለሚያደርግ ምንም አይሰማውም ነበርና ለብዙ ጊዜ የሚያምናቸው አላገኙም። ወሩ መጋቢት ነበር። ኧርዙ ወደተቀበረበት ጓሮ ስንሄድ ጥቁሩ መሬት፣ ገበሬው መረሬ የሚለው አፈር፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በዘንጉ ዙሪያ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ዘንጉ አፈሩን የሚነካው ወደ ታች ጫፉ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በነሐሴ የተለካ ኧርዝ በመጋቢት ሌላ ኧርዝ ነው የምለው ይህን ስላየሁ ነው።

የዚያ ማሽን የመጀመሪያ ችግር የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ልባስ ተጎድቶ ፌዙ፣ ማለትም ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ፣ አካሉን መንካቱ ነው፤ ይህ የሽቦ ልባስን ጤንነት በሚለካው መሣሪያ በሜገር ሲለካ ወዲያው ይታያል። ዋናው ጥያቄ ግን ብሬከሩ ለምን ዝም አለ የሚለው ነው። ርዝመቱ 2.4 ሜትር፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ዘንግ፣ የመቋቋም ልኩ 100 ኦም ሜትር በሆነ እርጥብና ጥሩ አፈር ውስጥ እንኳ ወደ 40 ኦም ያህል መቋቋም ይኖረዋል። 220 ቮልት ለ40 ኦም ሲካፈል 5.5 አምፔር ነው። ባለ 32 አምፔር ብሬከር በ5.5 አምፔር ቀኑን ሙሉ አይወርድም። ስለዚህ የማሽኑ አካል ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት፣ ለሞት የሚያበቃ ቮልት ተሸክሞ ይቆማል።

መፍትሄው ሁለት እጅ አለው፤ እኔ በቅድሚያ የማስገጥመው ግን ነጋዴዎች አርሲዲ ወይም ኧርዝ ሊኬጅ የሚሉትን መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በፌዝ የሄደውንና በመመለሻው ሽቦ፣ በኒውትራል፣ የተመለሰውን ኮረንቲ እያነጻጸረ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ሲጎድል መስመሩን ይቆርጣል። በአካሉ ላይ የሚታየው ቮልት ከ50 እንዳያልፍ ከተፈለገ፣ 50 ለ0.03 ሲካፈል የኧርዙ ልክ እስከ 1,667 ኦም ድረስ ሊፈቀድ ይችላል ማለት ነው፤ የደረቀ መረሬ እንኳ ይህን ያሟላል። ይህ ግን ኧርዙን ችላ ለማለት ምክንያት አይሆንም። ዘንጎቹ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ፣ በመካከላቸውም ቢያንስ የአንዱን ዘንግ ርዝመት ያህል ርቀት ቢኖር፣ ቦታቸውም የጣሪያ ውኃ በሚወርድበት ጥላማ ሥፍራ ቢሆን ይመረጣል። ጨውና ከሰል መጨመር የተለመደ ነው፤ ሆኖም ጨው በክረምት ዝናብ ይታጠባል፣ እስኪታጠብም ብረቱንና ማሰሪያውን ይበላል። እርጥበት ይዞ የሚቆየው የቤንቶናይት ሸክላ ይሻላል።

ምልክት፦ ምጣዱ ሲሰካ አርሲዲው ይወርዳል

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ እርጥበት ይጠጣል፤ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ለቀናት ሳይሠራበት ከቆየ ኮረንቲ በሸክላው በኩል ወደ ብረት አካሉ ይፈስሳል። ተነቅሎ ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ ካልወረደ መንስኤው እርጥበቱ ነበር። ደርቆም ከወረደ ሸክላው ተሰንጥቋል ወይም የሚግለው ሽቦ ከቦታው ወጥቶ አካሉን ነክቷል። ምጣዱ ተነቅሎ እያለ ሌላ ዕቃ ሲሰካም የሚወርድ ከሆነ፣ ከአርሲዲው በኋላ ያለው ኒውትራል ከሌላ መስመር ኒውትራል ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ የሁለቱ ኒውትራል መለያየት አለበት። አርሲዲውን በሽቦ ማለፍ ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

ምልክት፦ የአንዱ ቤት አምፖል እጅግ ይደምቃል፣ የጎረቤቱ ይፈዝዛል

ኒውትራሉ ተበጥሷል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ዋናውን ማጥፊያ ዘግቶ አቅራቢውን መጥራት እንጂ ሌላ መፍትሄ የለም። እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ መነሳት አለበት፤ ኧርዝ ያልተዘረጋለት ቤት ውስጥ አንዳንድ ሠራተኞች የሶኬቱን ኧርዝ ከኒውትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኛሉ። ኒውትራሉ በተበጠሰ ቅጽበት የማቀዝቀዣውም የምጣዱም አካል 220 ቮልት ይሸከማል።

ምልክት፦ የሞተሩ ሪሌይ ደጋግሞ ያጠፋል፣ ወይም ሞተሩ ተቃጥሎም ሪሌዩ አላጠፋም

የሞተሩ ሪሌይ ኮረንቲው ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ሞተሩን የሚያጠፋ መከላከያ ነው፤ ደጋግሞ ሲያጠፋ ብዙዎች የልክ ማስተካከያውን ወደ ላይ ያዞሩታል። ከዚያ በፊት በሦስቱም ፌዝ ያለው ኮረንቲ ሽቦውን አቅፎ በሚለካው ክላምፕ ሜትር ይለካ፤ አንዱ ፌዝ ከጠፋ የቀሩት ሁለቱ ሸክሙን ይካፈሉና ሪሌዩ በትክክል ሥራውን እየሠራ ነው። ሪሌዩ ሳያጠፋ ሞተር በተቃጠለባቸው ቦታዎች ደጋግሜ ያገኘሁት ስህተት ሞተሩን በአነስተኛ ኮረንቲ አስነስቶ ወደ ሙሉ ኃይል የሚያሸጋግረው የስታር ዴልታ ማስነሻ ላይ ነው። የሞተሩ ሰሌዳ 30 አምፔር ቢልና ሪሌዩ በሞተሩ ጥቅል መስመር ላይ ከተገጠመ፣ የሚያልፍበት ኮረንቲ 58 ከመቶው ብቻ ስለሆነ ልኩ 17.4 አምፔር ላይ መቀመጥ አለበት። በ30 ላይ ከተተወ ሞተሩ እየጨሰም አያጠፋም።

ምልክት፦ ሩቅ ባለ ቅርንጫፍ ላይ በደረሰ ብልሽት ሙሉ ከተማው ይጠፋል

ይህ የማከፋፈያ ጣቢያ ባለሙያዎችን ይመለከታል። በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ብልሽቱን መጀመሪያ ማየት ያለበት ለብልሽቱ የቀረበው መቁረጫ ነው፤ ወደ መሬት የሚፈስሰውን ኮረንቲ የሚከታተለው የጣቢያው የኧርዝ ፎልት ሪሌይ ከእሱ ቢያንስ 0.3 ሰከንድ ያህል መዘግየት አለበት። ቅርንጫፍ ሲጨመርና ትራንስፎርመር ሲቀየር ይህ የጊዜ ቅደም ተከተል ሳይከለስ ይቀራል፤ መፍትሄው አዲሱን የብልሽት ኮረንቲ አስልቶ የሁሉንም ሪሌዮች ልክ አብሮ መከለስ ነው። ሪሌዩ ሲፈተሽ ጭነት እያለ የኮረንት ትራንስፎርመሩ፣ ማለትም የመስመሩን ኮረንቲ አሳንሶ ለሪሌዩ የሚያደርሰው መሣሪያ፣ ሁለተኛ ወገን ፈጽሞ ክፍት አይተውም፤ ሰው የሚገድል ቮልት ይፈጥራልና ሁለቱ ጫፎቹ በቅድሚያ በአጭር ሽቦ ይገናኙ።

ምልክት፦ ሽቦ መሬት ላይ ወድቋል፣ መስመሩ ግን አልጠፋም

በደረቅ ማሳ ወይም በድንጋያማ መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ የሚያፈስሰው ኮረንቲ ሪሌዩ እንዲሠራ ከተወሰነለት ልክ በታች ሊሆን ይችላል። የኧርዝ ፎልት ሪሌዩን ይበልጥ እንዲነቃ ማድረግ ቢረዳም ሙሉ መፍትሄ አይደለም፤ በዚህ ሁኔታ ሰውን የሚያድነው ርቀት ነው። ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፤ ቀድሞ የቀረበ ሰው ደግሞ እግሮቹን አጣብቆ በጥቃቅን እርምጃ እየተንሸራተተ ይውጣ፤ መሬቱ ራሱ ቮልት ይዟልና የሁለቱ እግሮች ርቀት ሲሰፋ አደጋው ይጨምራል። የበሬ የፊትና የኋላ እግር ርቀት ከሰው እርምጃ ስለሚበልጥ ከብት ቀድሞ ይወድቃል። ገበሬው የወደቀውን በሬውን ለማንሳት ሲሮጥ የሚሞተው በዚህ ነውና፣ መስመሩ መቆረጡን ባለሙያ እስኪያረጋግጥ ድረስ ጎረቤት ይዞ ያስቀረው።