በረዶን በፓስቴል መሳል፦ በየቀኑ 40 ደቂቃ

የበረዶ መልክዓ ምድር ለመሳል የተቀመጠ ጀማሪ መጀመሪያ የሚያነሳው ነጩን ፓስቴል (ጠመኔ የመሰለውን ደረቅ የቀለም ዘንግ) ነው፤ ሥዕሉም እዚያው ላይ ይበላሻል። ፀሐይ በወጣበት ቀን በረዶውን አስተውለው ቢያዩት አብዛኛው ነጭ አይደለም፤ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ግራጫ፣ አንዳንዴም ሮዝ ነው። ንጹሕ ነጭ የሚገባው ከሥዕሉ ትንሽ ክፍል ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ የቀረበው አሠራር ከጥላው ይነሳል፤ ነጩ ፓስቴል እስከ መጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ድረስ ከሳጥኑ አይወጣም።

ልምምዱ የዕለት ስለሆነ ወረቀቱ ትንሽ ይሁን፤ 13 በ18 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚህ የሰፋው በ40 ደቂቃ አይሸፈንም፣ በብርድ ወራት ደግሞ ብርሃኑ ከዚያ በላይ አይታገስም፤ ቀና ሲሉ ጥላው ዞሮ ያገኙታል። ቦታውን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አይቀይሩ። አንድ መስኮት፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ አጥር ከተገኘ በቂ ነው። የሚለዋወጠው ሰማዩ ብቻ ሲሆን፣ ትናንት ሰማያዊ የነበረው ጥላ ዛሬ ለምን ግራጫ እንደሆነ ዓይን ራሱ እየለየ ይመጣል።

የፀሐይዋ ከፍታ

በዲሴምበር 21 ገደማ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ሲሆን ከአድማስ ከ57 ዲግሪ በላይ ትወጣለች። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ጥላው ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ግን በዚያው ቀን ፀሐይ ከ22 ዲግሪ አታልፍም፤ የዚያው ሰው ጥላ ከ4 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስቶክሆልም ላይ ከፍታዋ 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ጥላው 13 ሜትር ይደርሳል። አገር ቤት ሥዕል የተማረ ሰው ጥላን ከዛፉ ግርጌ ሰብስቦ መተው ቢቀናው አይገርምም። በበረዶ አገር ግን ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው ጥላ የሥዕሉ ዋና አካል ነው።

ጥላው ሰማያዊ የሚሆነው የፀሐይዋ ቀጥተኛ ጨረር ሲከለከል የሚያበራው ሰማዩ ብቻ ስለሚቀር ነው። ሰማዩ ከደመነ ሰማያዊነቱም ይጠፋል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1868 እና 1869 መካከል ፈረንሳይ ውስጥ ኤትሬታ አካባቢ በዘይት ቀለም የሳለው፣ በአጥር በር ላይ ወፍ የተቀመጠችበት “ላ ፒ” (La Pie) የተባለ የበረዶ ሥዕል አሁን ፓሪስ በሚገኘው ኦርሴ ሙዚየም ነው። ምስሉን በስልክዎ ከፍተው የአጥሩን ጥላ ከሌላው በረዶ ጋር ያስተያዩት፤ ስለ ጥላ ቀለም ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

ወረቀትና ቀለም

ወረቀቱ ነጭ አይሁን። መካከለኛ ግራጫ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ወይም የአሸዋ ቀለም ያለው ይምረጡ። ነጭ ወረቀት ላይ የበረዶው ብርሃን ምን ያህል እንደሆነ መለካት አይቻልም። ካንሰን ሚ ታንት የተባለው የፓስቴል ወረቀት ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ 50 በ65 ከሆነው አንድ ሉህ በጥንቃቄ ከቆረጡት 13 ቁራጭ ይወጣዋል። አንዱ ገጹ የማር እንጀራ የመሰለ ጉልህ ነጠብጣብ ስላለው፣ ለስለስ ያለ የበረዶ ሜዳ ሲሳልበት ነጠብጣቡ በቀለሙ መካከል ብቅ ብቅ ይላል። ለስላሳውን ገጽ ይጠቀሙ። የተሻለ የሚፈልግ ሰው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ የሆነውን ዩአርት የተባለ ወረቀት ይግዛ፤ 400 ወይም 500 ቁጥር ለዚህ መጠን ይስማማል (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይልማል)። ፓስቴልማት የተባለው ወረቀትም ጥሩ ነው፣ ብዙ ንብርብር ይይዛል።

በሳጥን የሚሸጡ የጀማሪ ስብስቦች ለበረዶ አይመቹም። ደማቅ ቀይና አረንጓዴ ሞልቶባቸው ሳለ ፈዛዛው አራት አምስት ብቻ ነው። ፍሬ በፍሬ የሚሸጥበት መደብር ካለ በዚያ ይግዙ። 16 ፍሬ ይበቃል፦ እጅግ የጠቆረ ኢንዲጎ፣ ጥቁር ሊመስል የቀረበ ሐምራዊ ቡኒ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ መካከለኛ ቡኒ፣ ግራጫማ ሐምራዊ፤ ከሰማያዊ ሦስት ደረጃ (መካከለኛ፣ ፈዘዝ ያለ፣ በጣም ፈዛዛ)፤ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ በሁለት ደረጃ፤ ፈዛዛ የባሕር አረንጓዴ፣ ፈዛዛ ሮዝ፣ ፈዛዛ ብርቱካናማ፣ ክሬም፣ ሞቅ ያለ ፈዛዛ ግራጫ፤ በመጨረሻም አንድ ነጭ። ጨለማዎቹ እንደ ኑፓስቴል ያሉ ጠንካሮች ቢሆኑ ይመረጣል። ገንዘብ ማውጣት ካለብዎት ለፈዛዞቹ ያውጡ፤ እንደ ሴኔሊየ ያሉ በጣም ለስላሳ ፓስቴሎች በአንድ ጭረት ብቻ ከበታቹ ያለውን ሸፍነው ይወጣሉ።

አሠራሩ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች የእርሳስ ናቸው። በክብሪት ሳጥን መጠን አራት ማዕዘን ያስምሩና ያዩትን በሦስት ደረጃ ብቻ ይከፋፍሉ፦ ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ብርሃን። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ሰማዩ ወይስ በረዶው የበለጠ ይበራል? ጥርት ባለ ቀን ፀሐይ ያረፈበት በረዶ ከሰማዩ ይበራል። በደመናማ ቀን ግን ነገሩ ይገለበጣል። በረዶው ብርሃኑን የሚያገኘው ከሰማዩ ስለሆነ ከሰማዩ በልጦ ሊያበራ አይችልም። ዓይን ግን “በረዶ ነጭ ነው” የሚል እምነት ስላለው አይቀበለውም። ከተጠራጠሩ ትንሽ መስታወት በረዶው ላይ አጋድመው ያስቀምጡ፤ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰማይ ከጎኑ ካለው በረዶ ጋር ሲያስተያዩ መልሱ ወዲያው ይታያል።

ቀጥሎ ጠንካራውን ኢንዲጎ በጎኑ አጋድመው ዛፎቹን፣ አጥሩንና የቤቱን ጨለማ ክፍል እንደ አንድ ቅርጽ ያኑሩ። ዝርዝር የለም። ዩአርት ወይም ፓስቴልማት ላይ ከሆኑ ርካሽ ብሩሽ በ70 በመቶ አልኮል ነክረው ይህንኑ ጨለማ ያርጥቡት፤ ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ገብቶ ይቀመጣል፣ ከላይ የሚመጣውን ፈዛዛ ቀለምም አያቆሽሽም። እስኪደርቅ አራት አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ቀጭን ወረቀት በዚህ ይሸበሸባልና ካንሰን ላይ ይዝለሉት።

ከዚያ ሰማዩ። ከላይ ሰማያዊ፣ ወደ አድማሱ ሲወርድ የባሕር አረንጓዴው፣ አድማሱ ጋ ክሬም ወይም ፈዛዛ ብርቱካናማ። የሰማዩን ቀለም ቅርንጫፎቹ ወደሚቆሙበት ቦታ አሻግረው ይጎትቱት፤ ዛፉ ከሰማይ ላይ ተቆርጦ የተለጠፈ እንዳይመስል የሚያደርገው ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የበረዶውን ሜዳ በሙሉ፣ ፀሐይ ያረፈበትንም ጭምር፣ በጥላው ቀለም ይሸፍኑት። ከ1 (ጥቁር) እስከ 10 (ነጭ) ቢቆጠር ጥርት ባለ ቀን የበረዶ ጥላ 6 ወይም 7 ላይ ነው፤ ብዙዎች 8 ወይም 9 ያደርጉትና ብርሃኑ የሚቀመጥበት ቦታ ያጣሉ። አንድ ሰማያዊ ብቻ አይጠቀሙ። ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ተመሳሳይ ደረጃ ካላቸው መርጠው እያፈራረቁ ይጣሉ፤ ወደ እርስዎ ሲቀርብ ሰማያዊው፣ ወደ ርቀቱ ሐምራዊው ያይላል። ይህ ሲያልቅ ሥዕሉ የመሸ ይመስላል። መምሰልም አለበት።

በዚህ ላይ ክሬሙንና ፈዛዛውን ብርቱካናማ ይዘው ፀሐይ ያረፈበትን ብቻ ያብሩ። ጥላውን ከላይ መሳል ሳይሆን፣ በብርሃኑ ከብቦ ቅርጽ ማስያዝ ነው። የጥላው ጠርዝ ከግንዱ አጠገብ የጠራ፣ ሲርቅ የደበዘዘ ይሁን። የፀሐይዋ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሆነ ጥላ ጣዩ በአንድ ሜትር በራቀ ቁጥር ጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደበዝዛል፤ 10 ሜትር ላይ ያለ የቅርንጫፍ ጥላ ከዳር ዳር ብዥታ ብቻ ነው። ጥላው ጉብታ ላይ ይወጣል፣ ጎድጓዳ ውስጥ ይወርዳል። መሬቱ እንዴት እንደሚጎብጥ የሚናገረው እሱ ነውና በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ካለ በረዶው እንደ ጠረጴዛ ጨርቅ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ አይቁጠሩ። ግራጫማ ሐምራዊውን በጎኑ ቀለል አድርገው ከሰማዩ ላይ ጎትተው ጭጋግ የመሰለ ጭፍጫፊ ያብጁ፤ ሦስት አራት ቅርንጫፍ በጠንካራው ፓስቴል ጠርዝ ካሰመሩ ሌላውን ተመልካቹ ይጨርሰዋል። መጨረሻ ላይ ነጩ ይውጣ። የሚገባው ወደ ፀሐይዋ ፊቱን ባዞረ ቦታ ብቻ ነው፦ የጉብታው ትከሻ፣ የአጥሩ አናት፣ የጣሪያው ጠርዝ። አንዴ ይጫኑና እጅዎን ያንሱ። ከአምስት ስድስት ቦታ ከበለጠ ሁሉም እኩል ይጮሁና አንዱም አይሰማም።

ሰማዩ ሲቀየር

በደመናማ ቀን ጥላ የለም ማለት ይቻላል፤ ሰማያዊዎቹን አስቀምጠው ግራጫዎቹን ይያዙ። ሰማዩ 9፣ በረዶው 8 ይሁን። ጀማሪዎች እንዲህ ያለውን ቀን “የሚሳል ነገር የለውም” ብለው ይዘሉታል፤ ደረጃን በመለየት በኩል ግን ከፀሐያማው ቀን የበለጠ የሚያሠለጥነው ይኸው ነው።

በረዶ እየጣለ ከሆነ ወረቀቱን በነጭ ነጠብጣብ አይዝሩት። የርቀቱን ጨለማ ሁለት ደረጃ ያፍዙትና ጠርዞቹን ያለስልሱ፤ ብናኙ የሚነጣው ጨለማ ዛፍ ፊት ሲያልፍ ብቻ ነው። ሰማዩ ላይ ሲታይ እንዲያውም ከሰማዩ ይጠቁራል።

ከሥራ ሲወጣ የሚጨልምበት ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ሚኒያፖሊስ ላይ በዲሴምበር መጨረሻ ቀኑ 9 ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። በምሳ ሰዓት የእርሳሱን ንድፍ ይሥሩና የቀለሞቹን ስም ዳር ላይ ይጻፉ፤ ማታ ከዚያ ይሳሉ። ወይም የመንገድ መብራቱን ራሱን ይሳሉ፤ ቢጫማ መብራት የወደቀበት በረዶና ዙሪያው ያለው ሰማያዊ ጨለማ በአምስት ፍሬ ፓስቴል ያልቃል። በየትኛውም ቢሆን ጠረጴዛው ላይ የቀን ብርሃን የሚመስል 5000 ኬልቪን አምፖል ያስፈልጋል። በቢጫ አምፖል ሥር ክሬምና ነጭ አይለዩም፣ ጠዋት ሲነሱ ሥዕሉ ቅቤ የተቀባ ሆኖ ያገኙታል።

ከፎቶ የሚሠራ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ የስልክ ካሜራ ሰፊ በረዶ ሲያይ አማካዩን ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚጎትት ፎቶው ይጨልማል። ሲያነሱ በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ (EV) ከ1 እስከ 1.5 ከፍ ያድርጉ።

ሲበላሽ

የጠመኔ አቧራ የመሰለ፣ የሞተ ነጭ ሜዳ ከሆነብዎት ወይ ነጩን ቀድመው አውጥተዋል ወይ በጣት አሽተዋል። ማሸት የፓስቴሉን ቅንጣት ወደ ወረቀቱ ጉድጓድ ይጨፈልቀዋል፣ ብርሃን የሚመልሰው ሻካራ ገጽም ይጠፋል። ለሰማዩ ቢያሹ ግድ የለም፤ በረዶውን ግን አይንኩት። ወረቀቱ ጠግቦ ፓስቴሉ መንሸራተት ከጀመረ በደረቅ ጠንካራ ብሩሽ ጠርገው እንደገና ይጀምሩ። ፊክሳቲቭ (የፓስቴሉን ብናኝ የሚያጣብቅ ርጭት) መጨረሻ ላይ አይርጩ፦ ፈዛዛ ቀለሞችን ያጠቁራል፣ በበረዶ ሥዕል ላይ ደግሞ የሚጠፋው የደከሙበት ብርሃን ነው። ጥላው የቀለም ቆርቆሮ የፈሰሰበት ያህል ሰማያዊ ከሆነ ግራጫማ ሐምራዊውን በላዩ ቀለል አድርገው ያሳልፉ፤ ድምቀቱ ይቀንሳል።

ብርድና አቧራ

ፓስቴል ውኃ የለበትምና አይቀዘቅዝም፤ ደጅ በብርድ ለመሳል ከውኃ ቀለም ይመረጣል። ሲመለሱ ግን ሳጥኑን ሞቃት ቤት ውስጥ ወዲያው አይክፈቱ፤ እርጥበት ቀለሙ ላይ ይቋጠራል። እንደተዘጋ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ደጅ ሲሳል ወረቀቱ ጥላ ውስጥ ይሁን። ፀሐይ ካረፈበት ዓይን ይታለልና ቀለሙን አጨልመው ይገባሉ። ባለቀለም የፀሐይ መነጽርም ያወልቁ። መኪና ውስጥ ሆነው ሞተር የሚያስነሱ ከሆነ መጀመሪያ ወርደው የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ያረጋግጡ፤ የተደፈነ ጭስ ወደ ውስጥ ገብቶ ይገድላል።

ቤት ውስጥ የሚሳለው መስኮት ተዘግቶ ስለሆነ አቧራው ዋና ጉዳይ ነው። በወረቀቱ ላይ እፍ አይበሉ። ሰሌዳውን ወደ ፊት ትንሽ አዘንብለው ያቁሙት፣ አቧራው ወደ ታች ወደ ታጠፈ ወረቀት ይውረድ፤ ሲጨርሱ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ምግብ የሚበላበት ገበታ ላይ አይሥሩ፤ አንዳንድ ቀለሞች መርዛማው ካድሚየም አለባቸው። ስስ የላስቲክ ጓንት ከዚህም ይጠብቃል፣ በብርድ ከሚሰነጠቅ ጣትም።

በየሥዕሉ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰማዩን ሁኔታ በእርሳስ ይጻፉ። በየሁለቱ መካከል ግላሲን የተባለውን ስስና ልሙጥ ወረቀት አድርገው በሁለት ካርቶን መካከል በመቆንጠጫ ያጥብቁ፤ እንዳይፋተጉ እንጂ ቢደራረቡ አይጎዱም። እሑድ እሑድ የሳምንቱን በሙሉ ግድግዳ ላይ ደርድረው ከሦስት ሜትር ይመልከቱ፤ ከዚያ ርቀት ሰዓቱ የሚታወቅበትን ያስቀምጡ። የትናንቱን ለማረም አይቀመጡ። ለማሳቀፍ የወሰኑት ካለ መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ በመካከላቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ፕላስቲክ መስታወት ግን አይጠቀሙ፣ ሲወለወል በሚፈጥረው ኤሌክትሪክ የፓስቴሉን ብናኝ ወደ ራሱ ይስባል።