ለስብሰባ አውሮፓ ሲሄዱ ከተማውን በካሜራ እንዴት እንደሚያነሱ

ለሥራ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ቀኑ የራሱ አይደለም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አዳራሽ ይገባል፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ቦሌ ይመለሳል። ካሜራ ይዘው ሄደው "የት ጊዜ አገኘሁ!" እያሉ አንድም ፎቶ ሳያነሱ የሚመለሱ ባልደረቦች አሉኝ፤ ሁሌም ይቆጨኛል። ስብሰባ የሚበላው የቀኑን መሐል ነው። ንጋቱና አመሻሹ ለእኛ ይተርፋል፤ ፎቶ አንሺ የሚመኘው ብርሃን ያለውም እዚያ ላይ ነው። ከዚህ በታች ለዓመታት በሥራ ጉዞ መሐል የተማርኩትን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱን በአውሮፓውያን እጽፋለሁ።

1. ትኬት ሲቆረጥ የፀሐይዋን ሰዓት ይመልከቱ

እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ ስለዚህ ሰዓቷን የመጠየቅ ልማድ የለንም። አውሮፓ ግን ሌላ ነው። ብራሰልስ ላይ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 ገደማ ሲሆን 10 ሰዓት ከ40 አካባቢ ትጠልቃለች። በሰኔ ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ትቆያለች። ስለዚህ በታኅሣሥ የሚሄድ ሰው ሥራውን ጠዋት ይጨርስ፤ ስብሰባው ሲያልቅ ጨለማ ነው። በሰኔ የሚሄድ እራቱን በልቶ ቀስ ብሎ ይውጣ።

ሁለት ነገሮች ያግዙናል። አንደኛው የሰዓት ልዩነቱ ነው። አዲስ አበባ 12 ሰዓት ላይ መንቃት የለመደ ሰው ሮምም ብራሰልስም በብርዱ ወራት 10 ሰዓት ሌሊት፣ በሙቀቱ ወራት 11 ሰዓት ላይ ዓይኑ ይፈጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከእንቅልፍ ጋር አይታገሉ፤ ተነሥተው ይልበሱ። ሁለተኛው የወጋገኑ ርዝመት ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጨልማል። ብራሰልስ ላይ ያ ሰማያዊ ብርሃን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆያል። የመንገድ መብራቱ በርቶ፣ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር፣ ሁለቱ የሚመጣጠኑበት ሰዓት ስለሆነ የማነሳቸውን ምርጥ ፎቶዎች የማገኘው በዚያ ጊዜ ነው።

2. ትንሽ ይያዙ

አንድ ካሜራ፣ አንድ 35 ሚሊሜትር ሌንስ (ትዕይንቱን ትንሽ ሰፋ አድርጎ የሚይዝ)፣ ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ሜሞሪ ካርድ። ይኸው ነው። በአንድ ሌንስ ሁለት ቀን ከሠሩ በኋላ ካሜራውን ሳያነሱ ምን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚቀር እግርዎ ራሱ ያውቀዋል። ስልክ ብቻ ያለውም ሰው አይቅር።

ትርፍ ባትሪ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን፤ በጭነት ሻንጣ መላክ አይፈቀድም። ካሜራው ውድ ከሆነ የመለያ ቁጥሩ ያለበትን ደረሰኝ ይያዙ፤ ሲመለሱ ጉምሩክ ቢጠይቅ መልስ አለዎት። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ቤት ይተዉት። የድልድይ አጥር ወይም የመብራት ምሰሶ ተደግፎ ትንፋሽን መያዝ ይበቃል።

3. ከሆቴሉ ሃያ ደቂቃ አይራቁ

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ያለችውን አንድ ሰዓት ተኩል ታዋቂ ሐውልት ፍለጋ ሜትሮ ውስጥ ይጨርሳታል። ካርታ ከፍተው ሆቴልዎንና የስብሰባውን ቦታ ያግኙ፤ በመካከላቸው በእግር ይሂዱ፤ ሲመለሱ ሌላ መንገድ ይያዙ።

ሮም ጥሩ ምሳሌ ናት። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ስብሰባ ያለበት ሰው ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ጣቢያ ሲወርድ ሕንፃው ከፊቱ ነው። ከዚያ ወደ ኮሎሲየም የሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ማታ በሌላው በኩል አቬንቲኖ ኮረብታ ይውጡ፤ ከብርቱካን ዛፎቹ መናፈሻ ጫፍ ላይ ቲቤር ወንዝ ከታች፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ከሩቅ ይታያል፤ ፀሐይዋም በዚያው አቅጣጫ ትወርዳለች።

እዚያው ሕንፃ ፊት ለፊት ፖርታ ካፔና የሚባለው አደባባይ አለ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እስከ 2003 የቆመው እዚያ ነው። በ2005 ወደ አገሩ ገባ፣ በ2008 በቦታው ተተከለ። መጀመሪያ በሄድኩ ጊዜ ንጋት ላይ ቆሜ ባዶውን ቦታ አነሳሁት፤ መኪና እያለፈ፣ ጥዶቹ ጠቁረው፣ ሰማዩ ወይን ጠጅ መስሎ። ለጣሊያናዊ የመንገድ ማዞሪያ ፎቶ ነው። ለእኔ ግን እስካሁን ካነሳኋቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ እርሱ ነው። እርስዎም ሲዞሩ ከእርስዎ ሕይወት ጋር የሚነካካውን ነገር ይፈልጉ፤ ኮሎሲየምን ሌላው ሁሉ አንስቶታል።

ጄኔቫ የሚሄድ ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ፊት የቆመውን፣ አንድ እግሩ የተሰበረውን 12 ሜትር ወንበር ያገኛል። ቁጢጥ ብለው ከታች ወደ ላይ ያንሱ፤ አንድ ሰው በሥሩ እስኪያልፍ ይጠብቁ፤ ግዝፈቱ የሚታወቀው ያኔ ነው።

4. ቆመው ይጠብቁ

እየተራመዱ የሚያነሱት ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከንቱ ነው። ብርሃን የወደቀበት ጥግ ይምረጡ፤ የዳቦ ቤት በር፣ የትራም ፌርማታ፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ የሚያበራ መስኮት ሊሆን ይችላል። ምስሉን አስቀድመው ያሰናዱና ሰው እስኪገባበት አሥር ደቂቃ ይቁሙ። በማግስቱም እዚያው ይመለሱ፤ በሦስተኛው ቀን ዳቦ ቤቱ የሚከፈትበትን ደቂቃ ያውቁታል።

በ1838 ከፎቶግራፍ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ዳጌር ፓሪስ ውስጥ ቡልቫር ዱ ቶምፕል የተባለውን መንገድ ከመስኮቱ ሆኖ አንስቶ ነበር። ካሜራው ምስሉን ለመያዝ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር ሠረገላውም እግረኛውም ሳይታይ ቀረ። ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ አንድ ሰው ግን ተቀረጸ። ሰው ይታይባቸዋል ተብለው ከሚታወቁት ፎቶዎች ቀዳሚው ይህ ነው፤ ሊስትሮው ዘንድ የቆመ ሰው! ፒያሳ ላይ ሊስትሮ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ለቅንብሩ ቀላል መነሻ ልስጥ። ንጋት ላይ ብርሃን በብዛት እንዲገባ ሌንሱን እስከ ኤፍ 2 ይክፈቱ፤ የሚራመድ ሰው እንዳይደበዝዝ የሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ አይዘግይ፤ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው 1/60 ይበቃል። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን ቁጥር) አውቶማቲክ አድርገው እስከ 6400 ይፍቀዱለት። ቁጥሩ ሲጨምር ጥቃቅን ነጠብጣብ ይታያል፤ ነጠብጣብ ያለበት ፎቶ ግን ከተደበዘዘ ይሻላል። ፍላሽ በፍጹም አያብሩ።

5. ዝናብና ብርድ ሲመጣ

ብራሰልስ ዝናብ ሲጥል ወደ ሴንት ሁበርት ጋለሪ ይግቡ፤ በ1847 የተከፈተ፣ ጣሪያው መስታወት የሆነ መተላለፊያ ስለሆነ ብርሃኑ እንደ ነጠላ ስስ ሆኖ ይወርዳል። ዝናቡ ሲያባራ ወዲያው ውጡ፤ ግራን ፕላስ በሚባለው የከተማው ዋና አደባባይ ላይ ያለው ድንጋይ ሁሉ መስታወት ይሆናል።

ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፤ ትርፉን በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነትዎ አጠገብ ያኑሩ። ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገቡ ደግሞ ካሜራውን በር ላይ ሳሉ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብተው ይዝጉት፤ እስኪሞቅም አይክፈቱት። ይህን ሳላውቅ አንድ የጥር ጠዋት በቀጥታ ካፌ ገብቼ ሌንሱ በጤዛ ታውሮ ያን ቀን ሙሉ አጥቼዋለሁ።

6. ሰውን ሲያነሱ

በአደባባይ ማንሳት በአብዛኛው ይቻላል፤ ጥንቃቄ የሚያሻው ፎቶውን ለሕዝብ ማውጣቱ ነው። ጀርመን ውስጥ ሰውዬው የፎቶው ዋና ጉዳይ ከሆነ ያለ ፈቃዱ ማተም ሕግ ይከለክላል፤ በመንገዱ ትዕይንት ውስጥ እንዲሁ የገባ ሰው ግን ሌላ ነው። የፓስፖርት መቆጣጠሪያና የጥበቃ ፍተሻ አጠገብ ካሜራ አያውጡ። አይፍል ግንብን ቀን ማንም ያንሳው፤ የሌሊት መብራቱ ግን የፈጠራ መብት ያለው ሥራ ስለሆነ ፎቶውን ለመሸጥ ፈቃድ ይጠየቃል።

ከሕጉ በላይ ግን ይሉኝታ አለ። ብራሰልስ ሚዲ ጣቢያ አጠገብ ባለው የእሑድ ገበያ አንዲት አሮጊት ወይራ ሲመርጡ አነሳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀረብ ብዬ ፎቶውን አሳየኋቸውና እያዩ አጠፋሁት። ሻጩ ይህን አይቶ "እኔን አንሳኝ" ብሎ ቆመልኝ። የሰው ፊት የራሱ ነው፤ እምቢ ሲል መተው ግዴታችን ነው።

7. ማታ ማታ መዝግቡ

የካሜራውን ሰዓት እንደደረሱ ወደ ከተማው ሰዓት ይቀይሩ። ማታ ሆቴል ሲገቡ ካርዱን ወደ ላፕቶፕ ይገልብጡ፤ ካርዱን ግን አገር ቤት ገብተው ሌላ ቅጂ እስኪያኖሩ ድረስ አያጥፉ። ከዕለቱ ፎቶዎች አምስት ይምረጡና በማስታወሻ ደብተር መንገዱን፣ ሰዓቱን፣ ሰማዩ እንዴት እንደነበር በአጭሩ ይጻፉ። የሥራ ጉዞ ወደዚያው ከተማ ደጋግሞ ይመልሳል። የእኔ ደብተር ላይ "ብራሰልስ፣ ሹማን አደባባይ፣ ጥር፣ ጠዋት 2 ሰዓት ከ12፣ የቢሮ መብራቶች በርተው ሰማዩ ሰማያዊ" ይላል፤ በቀጣዩ ዓመት በዚያው ወር ስሄድ 2 ሰዓት ላይ ጥጉ ላይ ቆሜ ነበር።