የሰው ቪዲዮ ቆርጠው ሲጠቀሙ ባለቤቱን እንዴት ይጠቅሳሉ?

ስለ ሐዋሳ አጭር ቪዲዮ እየሠሩ ነው እንበል። የአሞራ ገደልን (የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ) ዓሣና አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ በስልክዎ ቀርጸዋል። የጎደለዎት ሐይቁን ከላይ የሚያሳይ 8 ሰከንድ የድሮን ምስል ነው፤ እሱን ደግሞ ሌላ ሰው ዩቲዩብ ላይ ጭኖታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆርጦ ያስገባና ግርጌው ላይ «ክሬዲት ለባለቤቱ» ብሎ ያልፋል። የትኛው ባለቤት? ማንንም ስሙን አልጠራም፤ ባይጻፍም ያው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገር ይለዩ። ስም መጥቀስ ፈቃድን አይተካም፤ ፈቃድ ማግኘትም ስም ከመጥቀስ አያድንም። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል) የሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብቱን ለሌላ ቢያስተላልፍ እንኳ «ሥራው የእኔ ነው» የማለት መብቱን ያስከብርለታል። ለጥቅስ ያህል መውሰድንም ይፈቅዳል፤ ግን መጠኑ ለዓላማው የሚበቃ ብቻ መሆን፣ ምንጩና የአመንጪው ስምም መጠቀስ አለበት። «ከ10 ሰከንድ በታች ነጻ ነው» የሚባለው ወሬ አዋጁ ውስጥም ሆነ የዩቲዩብ ደንብ ውስጥ የለም።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያውን ጫኝ ይፈልጉ

ከባዱ ሥራ ይኸኛው ነው። የፍቼ ጨምበላላ (የሲዳማ ዘመን መለወጫ) ቪዲዮን ያስቡ፦ በዓሉ በሚከበርበት ሶሬሳ ጉዱማሌ ላይ አንድ ሰው የቀረጸው በማግስቱ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ በየሰዉ አርማ ይዞራል። ቴሌግራም ላይ «የተላለፈው ከ» ብሎ የሚያሳይዎት ቻናል አስተላላፊ እንጂ ቀራጭ ላይሆን ይችላል።

ጽሑፍ ያላረፈበት ጥርት ያለ ምስል ላይ ቪዲዮውን ያቁሙና ስክሪንሾት ያንሱ፤ ከዚያ በጉግል ሌንስ (በምስል መፈለጊያ) ይፈልጉ። ከሚመጡት ውስጥ ቀኑ የቀደመውን፣ ርዝመቱ የበለጠውንና ጠርዙ ያልተቆረጠውን ይያዙ። ከሦስቱ ሁለቱን ያሟላው አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ነው። ምስሉ ውስጥ ያሉ ጽሑፎችንም ያንብቡ፤ ባጃጁ ላይ የተጻፈው ወይም የሱቁ ታፔላ ፊደል ተገልብጦ ከታየ፣ አንዱ ቪዲዮውን እንደ መስታወት ገልብጦ የጫነው ነው። ይህን የሚያደርጉት የዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ (የተገለበጠ ሥራን በራሱ የሚያድን ሥርዓት) እንዳይለያቸው ነው፤ እዚያ ቻናል ላይ ባለቤቱን አያገኙም። ዋናውን ካላገኙት ምስሉን ይተዉት፤ ሐይቁ ዳር ወጥተው ራስዎ ቢቀርጹ ይቀልዎታል።

ደረጃ 2፦ ፈቃዱን ያረጋግጡ

ዩቲዩብ ላይ መግለጫውን ሲከፍቱ ከታች «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» (ባለቤቱ አስቀድሞ ለሁሉም የሰጠው ፈቃድ) የሚል ካለ፣ ስሙን እስከጠቀሱ ድረስ ቆርጠው መጠቀም ይችላሉ፤ ገንዘብም ቢያገኙበት። ያኔውኑ ስክሪንሾት ይያዙ፤ ባለቤቱ በኋላ ሊቀይረው ይችላል። ሌሎች ድረ ገጾች ላይ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ሆኖ «ኤንሲ» (NC) ያለበት ለንግድ አይሆንም፤ «ኤንዲ» (ND) ያለበት ደግሞ መቆረጥ የለበትም።

ምንም ካልተጻፈ መብቱ በሙሉ የባለቤቱ ነውና ይጠይቁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሐዋሳ የ4 ደቂቃ ቪዲዮ እየሠራሁ ነው። ‹የሐይቁ ንጋት› ከሚለው ቪዲዮዎ ከ2:14 እስከ 2:22 ያለውን፣ ድምፁን አጥፍቼ ልጠቀም? የሚወጣው በዩቲዩብና በቲክቶክ ነው፤ ዩቲዩቡ ማስታወቂያ አለው። ስምዎን በምስሉ ላይና በመግለጫው እጽፋለሁ። እንዴት ተብሎ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ?»

ማስታወቂያ መኖሩን መደበቅ ኋላ ጠብ ያመጣል። ዝም ማለታቸውን እንደ እሺታ አይቁጠሩት። ከጀርባ ዘፈን ካለ ደግሞ የቀራጩ ፈቃድ ዘፈኑን አይሸፍንም፤ ዘፈኑ የራሱ ባለቤት አለው። ድምፁን ማጥፋት ነው።

ደረጃ 3፦ ይጻፉት

የቪዲዮው ርዕስ፣ የባለቤቱ ስም፣ የተገኘበት ቦታ ከነሊንኩ፣ ፈቃዱ፣ እርስዎ የለወጡት። እንዲህ፦

«ከ0:41–0:49 ያለው የድሮን ምስል፦ ‹የሐይቁ ንጋት›፣ እከሌ ቲዩብ፣ ዩቲዩብ፣ መጋቢት 2016 ዓ.ም። በባለቤቱ ፈቃድ። ድምፁ ጠፍቷል፤ ቀለሙ ተስተካክሏል።»

የቻናሉን ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ኮፒ ያድርጉት፤ በላቲን ፊደል ከሆነ በላቲን ይተዉት፤ በግምት ወደ ግዕዝ ሲመልሱት ፈልጎ የሚያገኘው የለም። የሰው ስም ከሆነ የራሱንና የአባቱን ስም አብረው ይጻፉ፤ እንደ ፈረንጅ የአባት ስም ብቻ ቢጠሩ ያመሰገኑት ልጁን ሳይሆን አባቱን ነው። ዩቲዩብ የሚያሳየው ቀን የፈረንጅ ስለሆነ ወይ ወደ እኛ ይመልሱት፣ ወይ «እ.ኤ.አ.» ይበሉ። ካልሆነ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነቱ ማን ቀድሞ እንደጫነ ያምታታል።

ሊንኩን «አጋራ» ከሚለው ይውሰዱ። በአጭሩ ሊንክ (youtu.be) ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው ጭራ ቢጠፋም ይከፍታል፤ በረጅሙ (youtube.com/watch) ግን የቪዲዮው መለያ ራሱ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ስለሆነ አይንኩት።

ደረጃ 4፦ የሚታይበት ቦታ ያስቀምጡት

ምስሉ በሚታይበት ቅጽበት ስሙ እዚያው ላይ ይውጣ፤ ቢያንስ 3 ሰከንድ ይቆይ፣ ምስሉ ከዚያ ካነሰ እስኪያልቅ። የላይኛው ግራ ጥግ ይሻላል፤ ቲክቶክ ታችና ቀኙን በመግለጫና በምልክቶች ይሸፍነዋል። ካፕካት (የቪዲዮ ማቀናበሪያ መተግበሪያ) ላይ ግዕዝ የማያውቅ ፎንት ከመረጡ ስሙ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣልና ከመጫንዎ በፊት ስልክ ላይ ይዩት።

በመግለጫው ውስጥ መጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ያስገቡት፤ ሌላው «ተጨማሪ» ካልተጫኑ አይታይም። ዩቲዩብ ሾርትስ መግለጫ ላይ ያለ ሊንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ አይጫንም፤ ቲክቶክም እንደዚያው ስለሆነ ከሊንኩ ይልቅ በ@ የሚጀምረውን የቻናሉን መለያ ይጻፉ። ቲክቶክ ላይ ስቲች ወይም ዱኤት፣ ሾርትስ ላይ ሪሚክስ የሚባሉትን (የሌላውን ቪዲዮ ከራስዎ ጋር የሚያጣምሩ መሣሪያዎች) ከተጠቀሙ መተግበሪያው ራሱ ወደ ዋናው ያያይዘዋል፤ ባለቤቱ ከፈቀደው ከማውረድ ይኸኛው ይመረጣል።

ቅሬታ ቢመጣ

ኮንቴንት አይዲ የጻፉትን ምስጋና አያነብም፤ ምስልና ድምፅ ብቻ ነው የሚያመሳስለው። ስለዚህ ፈቃድ እያለዎትም ሊይዝዎት ይችላል፤ ያኔ የተጻጻፉትን ስክሪንሾት ይዘው ይከራከሩ። የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ (ስትራይክ) ግን ከዚህ ይከፋል፤ በ90 ቀን ውስጥ 3 ከደረሰ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። ባለቤቱ «አውጣልኝ» ካለ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ኤዲተር ላይ ያችኑ 8 ሰከንድ ቆርጠው ያስወጡ፤ ሊንኩም የታየበት ቁጥርም እንዳለ ይቆያል።